የሩዝ ተራራ

ሮዝቪል ከተማ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ የሚቀመጡ አንድ የጃቫ ደሴት ሽማግሌ አሉ። ዛሬ አበባ የፈሰሰበት ቡናማ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። ወረቀት እንደ ቆሎ ሻጭ ጠቅልለው የምሳቸውን ሩዝ ጠቀጠቁበትና ሳህኑ ላይ ገለበጡት። ሹል ተራራ ሆነ። ዙሪያውን ካሮት ደረደሩለት።

«በእኛ መንደር አዝመራ ሲገባ እንዲህ ነው» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ሰው ተሻምቶ ካልወሰደው ግን ምስጋናው አይደርስም።»

ሳህኑን ወደ ጎረቤቶቻቸው ገፋ አደረጉት። አንዲቷን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሌላው ከተፈጨ ምግብ በቀር አይውጡም። ለእኔ ደግሞ ከታካሚ ሳህን መቅመስ ክልክል ነው፤ ሕግ ነው ይላሉ አለቆቼ።

«እርስዎ ይብሉት እንጂ አባባ፣ ቀዘቀዘ እኮ!»

«የምስጋና ምግብ ለብቻ አይበላም» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።

የምሳ ሰዓት አለቀ። ሳህኑን ሳነሳ ፊታቸው በራ።

«ወሰድሽው! ለልጆችሽም አድርሺላቸው።»

እሺ አልኳቸው። የቆሻሻ መጣያው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነው። እዚያ እስክደርስ ተራራው እንዳይናድ፣ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ሄድኩ።