ለትልቅ ሰው መንገድ መልቀቅ

የመካነ ብርሃኑን ክንዱን በቅጡ የማያውቅ ሰው ጥጋበኛ ይለዋል። ቃሬዛ ከትከሻው ካለ ለማንም መንገድ አይለቅም። አንድ ጊዜ የወረዳው ገዥ በበቅሎ ሲመጣ አሽከሮቹ ጀርባውን በአለንጋ ሲተለትሉት እንኳ ንቅንቅ አላለም፤ በመጨረሻ ገዥው ራሱ ገደል ገደሉን ዞሮ አለፈ። አብዷል ያሉም አሉ። እብድስ አልነበረም። እንዲያውም ድሮ እንደ ክንዱ መንገድ የሚለቅ ሰው በጃናሞራ አልነበረም።

ያኔ፣ ጥሊያን ወጥቶ አገር በተረጋጋ በጥቂት ዓመቱ፣ ክንዱ በጨዋነቱ የሚመሰገን ገበሬ ነበር። ቄስ ቢመጣ መስቀል ይሳለማል፤ ሽማግሌ ቢመጣ ከብቶቹን ገለል ያደርጋል፤ ባለማዕረግ ቢመጣማ ሸማውን ከወገቡ አደግድጎ መሬት መሬት እያየ ይቆማል። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ እየተባለ ያደገ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያውቃል?

ያለችው አንዲት ልጅ ነበረች፤ ታየች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ወንድ ሆኖ ልጅ አዘለ ብሎ ያልሳቀበት አልነበረም፤ እሱ ግን ግድም አልሰጠው። ይህቺው ታየች ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጎኗን ውጋት ያዛት። ጸበሉም ዳማ ከሴውም ተሞከረ። ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ የደብሩ አለቃ፣ ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ ክንዱን ጠርተው፦ «ጎንደር ውሰዳት። በብረት የታሸገ አየር መጥቷል፣ የታፈነ ሰው ያተነፍሳል ይላሉ» አሉት።

ቃሬዛ ተበጀ። በአገሩ ደንብ በሽተኛን የአንዱ ደብር ሰው እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ደብር ሰው ያስረክባል፤ ሥራ አለኝ ማለት ነውር ነው። ታየች በማታውቃቸው ሰዎች ትከሻ ደባርቅ ደረሰች፤ ከዚያ በእህል ጫኝ ካሚዮን ጎንደር ገባች። በማለዳ ክንዱ ከፊት፣ ወንድሙ ማሩ ከኋላ ሆነው ተሸክመዋት ሐኪም ቤቱ በር ሲደርሱ ገና ትናገር ነበር። ውሃ ጠይቃም ጠጣች።

ዘበኛው አንዱን መዝጊያ ከፈተላቸው። ሊገቡ ሲሉ ከኋላቸው ማኪና ጡሩምባ ነፋ። ፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ደረት ያፈናቸውን አሮጊት እናታቸውን፣ ወይዘሮ ለተ ማርያምን፣ ይዘው መምጣታቸው ነው። ክንዱን ልቀቅ ያለው ሰው አልነበረም። ዘበኛው አላለም፤ ፊታውራሪውም አላሉም። ሰውን የሚያበግነው ይኸ ነው። ክንዱ በገዛ እጁ ቃሬዛውን አጥሩ ሥር አወረደ፣ ሸማውን አደገደገ፣ አንገቱን ደፋ።

«ምነው አያ ክንዱ፣ እንግባ እንጂ» አለ ማሩ።

«ትልቅ ሰው ይለፍ። ላንድ አፍታ ነው።»

ማኪናዋ ገባች፤ እነሱም ተከትለው ገቡ። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ አላምረው፣ የታየችን ትንፋሽ እንዳየ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«አያ፣ ያለን የአየር ብረት አንድ ነው። አሁን ለወይዘሮዋ ተገጠመ። ብንነቅለው ይሞታሉ።»

«ሌላ የለም?»

«አዲስ አበባ ሞልቷል። አሥመራም አለ። ለኛ የሚደርሰን ይኸው ነው።»

«እኛኮ ቀድመን ነበር የመጣን።»

«እኔ ያየሁ ቀድሞ የገባውን ነው» አለ አላምረው ቀስ ብሎ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው።

ፈረንጁ ሐኪም መጥቶ ታየችን መርፌ ወጋት፤ ከዚያ በላይ የሚያደርግላት አልነበረውም። ከግድግዳው ወዲያ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ፣ ያ ምንድን ነው?» አለች ታየች።

ክንዱ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ነፋስ ነው፣ ልጄ» አላት።

ቀትር ሳይሆን አረፈች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል ያገሬ ሰው፤ ክንዱ ግን ተረቱን የሚነግረው ሰው አላሻውም። የቃሬዛውን ጫፍ አነሳ።

ፊታውራሪው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። የተሸፈነውን ቃሬዛ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሾፌራቸውንም ማኪናዋን ገለል እንዲያደርግ አዘዙት። ዘበኛው ሮጦ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። በሩ ማኪናና ቃሬዛ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ እንደነበር ክንዱ ያን ጊዜ ገና አየ።

ወደ አገሯም መለሷት። ዳገቱን ሲወጡ ባለበቅሎው ከበቅሎው ወረደ፣ ነጋዴው አህዮቹን ከመንገድ አስወጣ፣ ቄሱ ቆሞ ፍትሐት ደገመላት። ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን ለታየች ሬሳ መንገድ ያልለቀቀ ሰው አልነበረም።