ዳማና የጋሼ ጆሮ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከቤንዚን ሽታ ጋር ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ ይግዛው፣ የደብረ ማርቆስ ሹፌር ነበሩ፤ ሙሽራም ታማሚም ተማሪም ጭነው በአባይ በረሃ በኩል አዲስ አበባ የሚመላለሱ። መኪናቸው ቀላ ያለች ቡናማ ስለነበረች እንደ ፈረስ «ዳማ» ይሏታል። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ከከሰሉ ማንደጃ ዳር ይቀመጡና ካርቡሬተሯን፣ ያችን ቤንዚንና አየር እየቀላቀለች ሞተሩን የምታጠጣ ዕቃ፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በጨርቅ ይወለውሏታል። ባለቤታቸው ቤቱን ከነልጁ ሊያቃጥሉት ነው እያሉ ስለሚጮሁባቸው ደጅ አጥበውና አድርቀው ነው የሚያስገቧት። ሽታው ግን አይለቅም። ፋኖሱ እየጨሰ፣ ፍሙ ቀስ በቀስ አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ ያኔ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ።

ከተረቶቻቸው አንዷ ታናድደኝ ነበር። ወደ በረሃው እህል የሚያወርድ አንድ ነጋዴ ነበር አሉ። ከአባቱ የወረሳት በቅሎ ነበረችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከፊት ሆና ጓዙን የመራች። ስታረጅ ዓይኗ ጠፋ። ሁሉም አየ፤ ነገር ግን የአባትየው በቅሎ ናትና ከቦታዋ እንቀይራት ብሎ የሚደፍር ጠፋ፣ ይሉኝታ ያዛቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎኗ እየሄደ በበትሩ ጫፍ ትከሻዋን ነካ ነካ ያደርጋታል፤ እሷም የመራች ይመስላታል። እንዲህ እያሉ ከረሙ። አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ መንገዱ ጠበበና ለበቅሎዋ ብቻ የሚበቃ ሆነ፤ ከጎን የሚሄደው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት የለም። በቅሎዋ ቆመች። ከኋላዋ ያለው ጓዝ ሁሉ ቆመ። ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይዞር።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ቆሙ» ይሉና ካርቡሬተሯን በጨርቅ ጠቅልለው ይነሳሉ።

ያኔ ተረት ማለት መጨረሻ ያለው ነገር ይመስለኝ ስለነበር እንዳታለሉኝ ቆጥሬ አኮርፋቸዋለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን ሁሉ ጓዝ ከገደሉ ለማውጣት ስታገል እንቅልፍ ይወስደኛል። አውጥቼው አላውቅም።

ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ደጀን ስንደርስ፣ ወደ በረሃው ከመውረዳችን በፊት፣ ማንም ይቸኩል ማን ይቆማሉ። ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ይከፍቱና ካርቡሬተሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ደጋ ላይ አየሩ የሳሳ ነው፣ ቆላ ሲወርዱ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ካልተመጠነ መኪናዋን ወይ ያስላታል ወይ ያፍናታል። ጋሼ ልኩን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ፈጥና ጡት ታጎርሰዋለች። ብሎኗን ወዲህ ጥቂት፣ ወዲያ ጥቂት ሲያደርጓት ቆይተው ድንገት የሞተሩ ድምፅ ሲለሰልስ ፈገግ ይላሉ። ወንዙን ተሻግረን የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንወጣ ደግሞ ያንኑ ይደግሙታል።

ዛሬ ጋሼ አርጅተዋል፤ ዳማን የምነዳት እኔ ነኝ። እሳቸው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ደጀን ላይ ካቻቢቴውን አቀብላቸዋለሁ፤ ወርደው እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጆሯቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። የቤተ ክርስቲያን ደወል መደወሉን እንኳ የሚያውቁት ሰው ሲያማትብ አይተው ነው። ይህን ማን ይንገራቸው? እኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ መካኒኩ ሙሉቀንም ሙያውን የተማረው ከእሳቸው ነውና አይሞክረውም። እናም እንዲህ ስናደርግ ኖርን፦ እሳቸው ጨርሰው ገብተው ሲቀመጡ እኔ ውሃ ልጨምርላት ብዬ ኮፈኑ ሥር አጎነብሳለሁ፤ ብሎኗንም ሙሉቀን ምልክት ወዳደረገልኝ ቦታ እመልሳታለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለን ሁለታችንም ዝም።

ባለፈው ክረምት ይህ አልሆነልኝም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከኋላችን የቆመው የጭነት መኪና መንገድ ልቀቁ እያለ ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ ጋሼ ኮፈኑን በገዛ እጃቸው ዘጉና «ሂጂ» አሉኝ። እንዳለች ወረድን። ከወንዙ ወዲያ ዳገቱ መሃል ላይ ዳማ ጥቁር ጭስ ተፍታ ጠፋች። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላ በኩል የከባድ መኪና ጎማ ሊነካን ምንም አልቀረው። ጋሼ ካቻቢቴውን ይዘው ወረዱ፤ በነኳት ቁጥር ባሰባት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጃንጥላ ይዤላቸዋለሁ። ተዉት፣ ልሞክረው ማለት ይህን ያህል የሚከብድ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና አዘነልንና ጎትቶ አወጣን።

ሙሉቀን ይህን ሲሰማ ካርቡሬተሯን አንስቼ ኢንጀክሽን ልግጠምላት አለኝ። ኢንጀክሽን አየሩን ራሱ ይለካል፣ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፤ ደጋም ሆነ ቆላ ደንታ የለው፣ ደጀን ላይ ቆሞ ብሎን ማስተካከል ድሮ ቀረ። ጉዳቱንም አልደበቀኝም፦ የሚያዘው ኮምፒውተር በረሃ መሃል ቢበላሽ ካቻቢቴ ምንም አያደርግለት፣ መሣሪያ ያለው ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔን የያዘኝ ግን እሱ አልነበረም። የጋሼ የልጅ ልጅ አዲስ አበባ ልትዳር ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዳማ ካልሆነ ሠርጉም ይቅርብኝ ብለዋል። ካርቡሬተሯን ብተዋት ሽማግሌ ይዤ ተመልሼ እዚያው ዳገት ላይ ነኝ። ባስነሳት ደግሞ መኪናዋ ላይ የቀራቸውን አንዲት ሥራ ነጠቅኋቸው። ሳምንቱን ሙሉ የምሠራበት ቢሮ ተቀምጬ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም።

ሙሉቀን የቀጠረን ቀን ሲደርስ ከጋሼ ጋር ጋራዡ ሄድን። ሙሉቀን ሁለቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንዴ ዕቃዎቹን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። የቱን ልግጠም ብሎ ሙሉቀን ጠየቀኝና ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያኔ ያቺ የልጅነቴ በቅሎ መጣችብኝ። ከጎኗ በትር ይዞ የሚሄደው ሰውዬ እኔው መሆኔ ገባኝ።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ደክሟል። ደጀን ላይ እርስዎ የሚያስተካክሏትን ብሎን በስውር የምመልሳት እኔ ነኝ።»

ሙሉቀን እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ንጹሕ ነበር። ጋሼ አልተቆጡም። ድምፃቸውንም አላነሱም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጆሮዬ ቢደክም ዓይኔ ያያል። የብሎኗን ስንጥቅ ቀጥ አድርጌ እተዋለሁ፤ ዳገቱ ላይ ኮፈኑን ስከፍት ተጋድሞ ነው የማገኘው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ጎንበስ ብለሽ፣ ካቻቢቴውን በሁለት እጅሽ ስታቀብዪኝ፣ አልፈልግም ብዬ እንዴት ልመልስሽ? ደስ ይበላት ብዬ ነው እንጂ እኔስ በዝናብ መቆሙ ሰልችቶኛል።» ካርቡሬተሯን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጓት። «በቅሎዋም እኮ ታውቅ ነበር፣ እማዋይሽ።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ለስንት ጊዜ እኔ ለእሳቸው ስል፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ፣ ሁለታችንም ያልፈለግነውን ስናደርግ ኖረናል። ይህ ከተነገረ በኋላ እንኳ ነፃ አልወጣሁም። የቱ ይሻላል ብዬ ብጠይቃቸው የምትነጂው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ምረጪ ብለው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ኢንጀክሽኑን ግጠምልኝ አልኩት ሙሉቀንን። እሱም ካርቡሬተሯን ከጠረጴዛው አንስቶ በጨርቅ ጠቀለላት።

ለሠርጉ ስንሄድ ደጀን ላይ እግሬ ለምዶበት ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ አላቆምኩም። ቁልቁለቱን ስንወርድም ዳገቱን ስንወጣም ሞተሩ ያው ነው፣ አይቆጣ፣ አያስል። ጋሼ ጥቂት በመስኮቱ ተመለከቱ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው አንቀላፉ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ የሞተሩን ድምፅ ሳዳምጥ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከእነዚያ የፋኖስ ማታዎች የቀረኝ ተረቱ ራሱ አይመስለኝም፤ እሳቸው ተረቱን ጨርሰው ሲነሱ ከኋላቸው የሚቀረው ዝምታ ነው። እውነቱን ስናገር ሸክም አወረድኩላቸው ወይስ የመጨረሻ ሙያቸውን ቀማኋቸው፣ ዛሬም መለየት አልቻልኩም።

ሠርጉ ቤት ገና ከመግባታችን ዘመድ ከበባቸው። ጋሼን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰላምታ እንዳቀረበ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚጠይቀውም ወንበር ይዞ ነው፣ መልሱ ስለሚረዝም። አንድ የድሮ ወዳጃቸው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው መንገዱ እንዴት ነበር አሏቸው።

«እንጃ» አሉ ጋሼ። «ተኝቼ ነበር።»