ሦስት ጊዜ የጠበበው ሱሪ

ሞጣ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የሰፉት ጋሽ ይማም የሰው ልክ ስተው አያውቁም። አስተማሪው ወፍሮ ሲመጣ «ደመወዝ ተጨመረ እንዴ?» ብለው ያሳፍሩታል። ሙሽራ ከስታ ከመጣች እናቷን አስጠርተው ይቆጣሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ግን ለእሳቸውም ይሆናል። ሌላ ሽማግሌ ሲከሳ ሱሪው ይወርድበታል፣ ሚስቱ ታያለች፣ ጎረቤት ይጠይቃል። እሳቸው ሱሪያቸው በሰፋ ቁጥር የስፌት መኪናቸው ላይ ቁጭ ብለው ያጠቡታል፣ በማግስቱም አምረው ይወጣሉ። እንዲህ አድርገው ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስታቸውንም ራሳቸውንም ሸወዱ።

ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ቡአ ነው። የመኪናውን ፔዳል ሲረግጡ ብሽሽታቸው ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ብቅ ይል ጀመር። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ሲባሉ ቢላዋውን አልፈሩም። የፈሩት የወንድማቸውን የሙጀሂድን መጨረሻ ነው። ሙጀሂድ ቢቸና ሳለ ሆዱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በደህና ወጥቶ ነበር፤ ቤተ ዘመዱ ግን «አትነሣ፣ ስፌቱ ይፈታል» እያለ አጥሚት ብቻ እያጠጣ ሁለት ወር አስተኛው። ቁስሉ ዳነ፣ እግሩ ከዳው። እስኪሞት ድረስ ሽንት ቤት የሚሄደው በሁለት ሰው ተይዞ ነበር።

«እንደዚያ ከምሆን ቡአዬን ይዤ ብሞት ይሻለኛል» ብለዋታል ሚስታቸውን ዘሚራን።

ሆስፒታል በገቡበት ቀን ልብስ ቀይረው ሱሪያቸውን ሲሰጡ፣ ነርሷ ይርጋነሽ ልታጥፈው ስትል ወገቡን ገልብጣ አየች። ሦስት መስመር ስፌት ነበረበት፣ አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ገባ ያለ።

«ጋሽ ይማም፣ ይህን ማን አጠበበው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ይሰፋል?»

ይርጋነሽ አልሳቀችም። ሜትር አምጥታ ባታቸውን ለካች፤ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሡ ጠየቀቻቸው። ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። ምን እንደሚበሉ ስትጠይቅ ዘሚራ ቀድማ መለሰች፦ ዳቦ በሻይ። ሥጋውንም እንቁላሉንም «ጥርሴ አይችልም» እያሉ ለልጅ ልጆች ያቀብላሉ።

ቡአው የሚያስቸኩል ስላልነበር ሐኪሙ ሰውነታቸው እስኪጠነክር ቀጠሮውን በስድስት ሳምንት ገፋው። ጋሽ ይማም ፊታቸው ሲጠቁር ይርጋነሽ ጠጋ አለችና «እግር በቢላዋ አይከዳም» አለቻቸው። «ሳይበሉና ሳይንቀሳቀሱ ሲከርሙ ነው የሚከዳው። እርስዎ ደግሞ ገና ጊዜ አለዎት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ የዘሚራ ሆነ። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ቀን ምስር፣ ማታ ወተት፤ ሥጋ ሲገኝ ደቆ ተከትፎ። ለልጅ ልጆቹ ለብቻቸው ቀረበላቸው፣ ማቀባበል ቀረ። በረንዳው ላይ ደግሞ ደንበኛ በመጣ ቁጥር በእጃቸው ሳይደገፉ እንዲነሡ ታዘዋል። በገበያ ቀን ሠላሳ ጊዜ ይነሣሉ። አንድ ገበሬ ለክብሩ መስሎት «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ» ቢላቸው፣ «ለአንተ መቼ ተነሣሁ» አሉት። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሳያቃስቱ ይነሡ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ይርጋነሽ ልታስነሣቸው ስትመጣ፣ የሙጀሂድ ሚስት ሳሊሃ ከቢቸና ደርሳ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

«አትንኪያቸው ልጄ፣ ይተኙ እንጂ» አለች ደንግጣ። «ስፌቱ ይፈታል።»

«ሳሊሃ፣ የስፌቱን ነገር ለእኔ ተዪው» አሉ ጋሽ ይማም፤ እግራቸውንም ወደ መሬት አወረዱ። አመማቸው፣ ግን ቆሙ። ይርጋነሽ አጠገባቸው፣ ዘሚራ ከኋላ እጇን ዘርግታ፣ ሳይነኳቸው እስከ ሽንት ቤቱ ተከተሏቸው። ጋሽ ይማም ብቻቸውን ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ሳሊሃ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም። የተዘጋውን በር እያየች እንባዋ ወረደ።

«የእኔን ያስተኛነው እኛው ነን» አለች።