የሻምበሉ ሦስተኛ ኮከብ

ወንድሜ ፀሐዬ ቂም መያዝ አያውቅም። የእሱን ድርሻ እኔ ነኝ የምይዝለት፤ ቤታችን ውስጥ ሥራ የተከፋፈለው እንደዚህ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አለችን። እሱ በመኪና ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ወታደር ነበር፤ ግን ጠመንጃ ከያዘበት ቀን መርፌ የያዘበት ይበልጣል። የጦር ክፍሉ ልብስ ሰፊ ስለነበረ የመኮንኖቹን ኮከብ ትከሻቸው ላይ የሚሰፋው እሱ ነው። ለምክትል መቶ አለቃ አንድ፣ ለመቶ አለቃ ሁለት፣ ለሻምበል ሦስት። እሱ ራሱ ከአሥር አለቅነት አላለፈም።

አንድ ቀን "ግን ለምን ኮከብ ሆነ? አንበሳ አይሻልም ነበር?" አልኩት።

"አንበሳማ ለራሱ ሆድ ነው የሚሮጠው" ብሎ ሳቀ። "ኮከብን ግን መንገድ የጠፋበት ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። መሪ እንዲያ ይሁን ብለው ነው። ጎበዙን ተማሪም ኮከብ የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላው አይቶት እንዲከተለው።"

የዋህ ነው። ኮከብ የሰፋላቸው ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ይመስሉት ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ሰሜን ግንባር የነበረው ክፍላቸው ተመታ። ስልሳ የሚሆኑ ወታደሮች መቶ አለቃ ማቲዎስ በሚባል መኮንን እየተመሩ ሌሊቱን ሙሉ ተጓዙ። የራሳቸው ጦር ያለው በምሥራቅ በኩል ነበር። ሊነጋጋ ሲል ፀሐዬ ዞር ቢል አጥቢያ ኮከብ ከኋላቸው ወጥታለች። አባታችን እንጦጦ ላይ ገብስ እያረሰ ያሳደገን ሰው ነው፤ አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ነበር የሚቀሰቅሰን፣ በምሥራቅ በኩል እንደምትወጣ በእንቅልፍ ልባችንም እናውቃለን።

"ጌታዬ፣ ወደ ጠላት ነው እኮ የምንሄደው" አለው።

"አንተ ልብስህን ስፋ!" ብሎ ጮኸበት መኮንኑ።

ፀሐዬ ፊቱን ወደ ኮከቧ አዙሮ መሄድ ጀመረ። ወታደሮቹ ተከተሉት፣ በመጨረሻ መቶ አለቃውም አፍሮ ተከተለ። ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ፀሐዬ እግሩን ተመታ። ማቲዎስ አጠገቡ ተንበርክኮ "አይዞህ፣ ቃሬዛ እልክልሃለሁ" አለው። ቃሬዛ አልመጣም። የመጡት አማፂዎቹ ናቸው፤ ማርከው ወሰዱት።

ለእኛ የመጣልን ደብዳቤ ነው። ልጃችሁ በጀግንነት ተሰውቷል ይላል፤ የፈረመው ሻምበል ማቲዎስ ነው። ሦስተኛዋን ኮከብ የሰጡት ስልሳ ሰው ከከበባ መርቶ በማውጣቱ እንደሆነ በኋላ ሰማን። መንገዱን ያሳየው ሰው በሕይወት ቢመለስ ኮከቧ ባለቤት ልታገኝ ነዋ! ስለዚህ ገደለው፣ በብዕር።

እናቴ ወለተማርያም ሬሳ በሌለበት ፎቶግራፉን አቅፋ አለቀሰች። የነበረችንን አንዲት ላም ሸጣ ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አላት፤ በሰባተኛው ወር ሞተች። ፀሐዬ በ1983 ሰኔ ላይ እያነከሰ ሲመጣ የተዝካሩን ጠላ የጠጡ ጎረቤቶች አማትበው በር ዘጉበት። እሱ ግን የጠየቀው "እማዬስ?" ብሎ ብቻ ነው። መልሱን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ነው ቂሜን የቋጠርኩት።

በ1985 ጥቅምት ላይ አንድ ረጅም ሰው የወታደር ካፖርት በክንዱ ይዞ ቤታችን ገባ።

"ኮከቦቹን ፍታልኝና ምልክቱ እንዳይታይ አድርገህ ተኩስልኝ" አለው ፀሐዬን። "ጉርድ ሾላ ዘበኛ የሚቀጥሩ አሉ። የቀድሞው ጦር ሻምበል መሆኔን ካወቁ አይወስዱኝም። ቀጠሮዬ ነገ ሦስት ሰዓት ነው።"

የፀሐዬ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ጺሙ አድጓል፣ ሥጋው አልቋል፤ ሰውዬው ፊት ለፊት እያየው አላወቀውም።

"ማን ልበል?" አልኩት።

"ማቲዎስ።"

እንደወጣ "እሱ ነው አይደል?" አልኩ። ፀሐዬ ራሱን ነቀነቀና ምላጭ አንስቶ ኮከቦቹን ይፈታ ጀመር! ከጨርቁ አንድ ክር እንኳ ሳይነካ፣ በጥንቃቄ!

"እናታችንን የገደለ ሰው እኮ ነው!"

"ተይው፣ ለእግዜር ስጪው።"

የእግዜርን ለእግዜር ትቼ እኔ የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ።

በማግስቱ ማለዳ መጣ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይሉ ሱሪያቸውን ሊወስዱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሴቶችም ነበሩ። ካፖርቱ ተተኩሶ ጭኔ ላይ ነው።

"ጌታዬ፣ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይቺን ደብዳቤ ያንብቡልኝ" አልኩት። ዋሽቻለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ከቀበሌው አንደኛ የወጣሁ ነኝ። ግን ደብዳቤ አንብብልኝ ያለ ሰው በእኛ አገር እምቢ አይባልም። ተቀበለኝና ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

"ለወይዘሮ ወለተማርያም። ልጅዎ አሥር አለቃ ፀሐዬ..." ቆመ።

"ይጨርሱት እንጂ።"

"...በጀግንነት ተሰውቷል። አሟሟቱንም በዓይኔ..." ወረቀቱን ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋ።

"የፈረመው ማን ነው?"

ጋሽ ኃይሉ ተነስተው መነጽራቸውን አደረጉና በትከሻው በኩል አነበቡ። "ሻምበል ማቲዎስ ይላል።"

"የት ቀበሩት ታዲያ?" አልኩት። "ከረሱት ራሱን ይጠይቁት። ይኸው፣ ኮከብዎን የፈታልዎት እሱ ነው።"

ያን ጊዜ ገና አየው። ፀሐዬ በምርኩዙ ተነስቶ "ደህና ነዎት፣ ጌታዬ?" አለው። በንዴት ልፈነዳ!

"ስልሳውን ሰው መርቶ ያወጣው ማን ነው?" አልኩ። "ለጋሽ ኃይሉ ይንገሯቸው፤ ተዝካሩን በልተዋል።"

"እሱ ነው" አለ በቀጭን ድምፅ።

"አልሰማንም።"

"እሱ ነው! ፀሐዬ ነው!" ላቡን በእጅጌው ጠረገ። "እናታችሁ የት ናቸው? እግራቸው ላይ ልውደቅ።"

"የካ ሚካኤል ናት።"

"መንኩሰው ነው? ዛሬውኑ እሄዳለሁ።"

"ይሂዱ። ደብዳቤዎ በደረሰን በሰባተኛው ወር ነው የቀበርናት።"

ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። በሸሚዙ ብቻ ወጥቶ ዳገቱን ወረደ።

"ካፖርቱን ስጪው እንጂ!" አለኝ ፀሐዬ፣ ምርኩዙን ይዞ ወደ በሩ እየተንገዳገደ። "የሥራ ቀጠሮ አለበት። ደግሞ ብርድ ነው።"

"ይብረደው" አልኩና ካፖርቱን አጣጥፌ ተቀመጥኩበት።