ለቅሶ ላይ የተከፈተው ፓምፕ

በእኛ በፎገራ ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም። እንግዳ የሚቀበለው፣ ንፍሮ የሚያቀርበው፣ ውሃ የሚቀዳው ጎረቤት ነው። የሐዘንተኛው ሥራ ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ ነው። እኔ ግን እናቴን በቀበርን ዕለት ብድግ ብዬ ሮጫለሁ። በዚህ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን እሮጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ መንደራችንን ቁሐር ሚካኤልን አጥለቀለቀው። ሩዙንም፣ ግቢውንም፣ የምንጠጣበትን የእጅ ፓምፕም ዋጠው። ጎርፉ ጎደል እንዳለ የፓምፑን እጀታ በሰንሰለት አስሬ ቆለፍሁት። የመንደሩ ውሃ ኮሚቴ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ። የጤና ባለሙያዋም ጉድጓዱ ክሎሪን ተጨምሮበት፣ ተቀድቶ እስኪጠራ ድረስ ማንም እንዳይጠጣ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስንቱ ለመነኝ፣ ስንቱ ሰደበኝ! «ይቺ ሴትዮ ፓምፑን ካባቷ የወረሰችው መሰላት» ያለኝም አለ። ይበል! እኔ እንደሆንሁ ግትር ነኝ፤ አልከፈትሁም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ታመመች። ከላይም ከታችም አጣደፋት። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ በቃሬዛ ተሸክመናት ወረታ ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ታላቅ ወንድሜ ለጠየቀው ሁሉ «ምች ነው የመታት» ይላል። እናቴ በተቅማጥ ሞተች ማለት ለእሱ ነውር ነው። እኔም ለጊዜው አላረምሁትም።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጡኝ። አንዲት የእድር ሴት አጠገቤ ቁጭ ብላ አቀፈችኝና «አይዞሽ የኔ እናት» እያለች ካንገቴ ያንጠለጠልሁትን የፓምፑን ቁልፍ አወለቀችው። ሐዘንተኛ አትቸገር ብላ ነው እንጂ ክፋት የላትም። እኔም እያለቀስሁ ስለነበር ልብ አላልሁም። ትንሽ ቆይቶ የፓምፑ እጀታ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ወይኔ! ያ ሁሉ ለቀስተኛ! ንፍሮው እንኳ በእሳት በስሏል፤ ከላዩ የሚጠጡት ግን ጥሬውን የጎርፍ ውሃ ነው።

ብድግ አልሁ። «ኧረ ያዟት! ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ!» አሉ። ማን ይይዘኛል? ጭቃውን እያቦካሁ ፓምፑ ጋ ደረስሁና ሞልቶ የቆመውን ጀሪካን በእግሬ ገለበጥሁት። ሊቀዱ የቆሙትንም እጀታው ላይ ተጠምጥሜ ከለከልኋቸው።

ወንድሜ ተከትሎኝ መጣ። «አንቺ! በእናታችን ለቅሶ ልታዋርጂን ነው እንዴ?»

«ምች አይደለም የገደላት!» አልሁ፤ ቄሱም ሽማግሌውም እየሰሙ። «ተቅማጥ ነው! ይሄ ውሃ ነው የገደላት!»

«ፓምፑን የቆለፍሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ እሷ ውሃውን ከየት አምጥታ ጠጣችው?»

ከቃሬዛው ጀምሮ ይሄን ጥያቄ ስፈራ ነበር።

«ከእኔው ጓዳ» አልሁት። «ጎርፉ የጎደለ ዕለት፣ ሳልቆልፈው በፊት የቀዳሁት ጀሪካን ነበር። የሰዉን ፓምፕ ቆለፍሁ፣ የራሴን ጀሪካን ሳልደፋ ረሳሁት። ውሃ ጠማኝ ስትለኝ ከዚያ ቀድቼ ሰጠኋት። በገዛ እጄ!»

ቁልፉን ያወለቀችልኝ ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔም እኮ ያን ለት ቀድቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እስካሁን ለልጆቹ ከእሱ ነው የምሰጣቸው።»

አጠገቧ ያለችው ሴት ነገሩን እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ መሮጥ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ። በእኛ አገር ከለቅሶ ቤት «ጉዳይ አለኝ» ብሎ መውጣት እንኳ ያስቀይማል። እነሱ ግን እኔንም ለቅሶውንም ጥለው በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ሮጡ። እኔም ከኋላቸው «ድፉት! ሁሉንም ድፉት!» እያልሁ እጮሃለሁ።

ወንድሜን ልፈልገው ዘወር ስል ካጠገቤ የለም። አራት ልጆች አሉት። ጋቢውን ጭቃው ላይ ጥሎ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሞ እየሮጠ ነበር።