ለአንድ ዋንጫ ስል ከወልቂጤ ቡታጅራ

ንጋት፣ ወልቂጤ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ፤ ነገ ቡታጅራ የልጄ የአልማዝ በኩር ክርስትና ይነሳል። ችግሩ የባሏ አባት፣ አቶ ሽብሩ ናቸው።

ባለፈው መስቀል እሳቸው ቤት ተቀምጠን፣ «ዓለምን ያሸነፉ የብራዚል፣ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ክለቦች ለብቻቸው የሚጋጠሙበት የኳስ ዋንጫ አለ» አልኳቸው። ከወረዳው ጸሐፊ ሬዲዮ የሰማሁት ነው።

«አንዴ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ምን ፍለጋ ይጋጠማል? ፈጠራዎን ይተዉ!» አሉኝ፣ በሰው ፊት።

ክትፎው ሲቀርብ ተነሣሁ። «ዋንጫው መኖሩን በአፍዎ እስኪያምኑ ከቤትዎ እህል አልቀምስም!» ብዬ ማልኩ። የማልኩትን አላፈርስም። አያት ጦሙን የዋለበት ክርስትና ግን ለልጄ ውርደት ነው።

ረፋድ፣ አለም ገና

ወርጄ የቡታጅራውን መኪና ጠበቅሁ። ሻይና ዳቦ በስሙኒ። ዳቦው ደረቅ ነው። ነገ የሚጠብቀኝን ስለማውቅ ደገምኩ።

ሹፌሩ የሶዶ ልጅ ነው፤ ጋቢና አስገባኝ። ነገሩን ስነግረው መሪውን ሊለቅ ደረሰ።

«አባባ፣ ለኳስ ብለው ነው የሚጦሙት?»

«ለኳስ አይደለም፤ ለቃሌ ነው።»

«እሳቸው እምቢ ካሉስ?»

«ቅቤውን ሰጥቼ፣ ሕፃኑን ስሜ እመለሳለሁ።»

«ቅቤውንማ ለእኔ ይስጡኝ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት፣ ቡኢ

አቧራ፣ ፍየል፣ የበርበሬ ጆንያ። ጆንያው ሲጫን መኪናው ሙሉ አስነጠሰ። አንዲት ነጋዴ፣ «ይማርዎ አባቴ፣ በርበሬዬ የዋዛ አይደለም!» አለችኝ። ቅቤው መቅለጥ ጀመረ።

አመሻሽ፣ ቡታጅራ

አቶ ሽብሩ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል። ሰላምታም አላስቀደሙም።

«አቶ ይርጋ! ያ ዋንጫዎ ቀረ! ጎረቤቴ መምህሩ በሬዲዮ ሰምቷል። ሁለቴ ተጋጥመውበት ተዉት!»

መምህሩ ከኋላቸው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ቅቤውን መሬት አስቀመጥኩ። «ምን አሉኝ? ይድገሙት እስቲ።»

«ቀረ አልኩ!»

«ታዲያ ያልነበረ ዋንጫ እንዴት ይቀራል?»

ወደ መምህሩ ዞሩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሕፃኑን ያቀፈችው አልማዝ ናት፤ ከዚያ መምህሩ።

«እሺ፣ ነበረ! አምኛለሁ!» አሉ አቶ ሽብሩ። «ሁለት ዓመት ላልቆየ ዕቃ ይሄን ሁሉ አኮረፉን። ይግቡ አሁን!»

ገባሁ። ክትፎውን በቆጮ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ጉርሻው ይህን ያህላል የማይባል ነበር፤ ሌላ ነገር እንዳልናገር መሰለኝ። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አፌ ባይሞላ ኖሮ፣ ዋንጫው በመቅረቱ ማዘኔን እነግራቸው ነበር።