ፊደል የሌለው ቦታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙን በተቀበልን በዓመቱ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ የጽሕፈት ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ነው።

ሱቋ ከበር እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ብትሆን ነው። ያለችኝ አንዲት ኮምፒውተር ስትሆን ሁለት ሲስተም ነበራት፤ ስትከፈት ዊንዶውስ ነው ወይስ ሊኑክስ ብላ ትጠይቃለች። ዊንዶውሱ ደንበኞች በፍላሽ ባመጡት ቫይረስ ናላው ዞሯል። ሊኑክሱን ቫይረስ አይደፍረውም ብሎ የጫነልኝ ሰባተኛ ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ቢኒያም ነው። እኔ ግን ለአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነበር የምከፍተው።

ሰውየው ጋሼ ሰዒድ ናቸው። ወሎ ተወልደው መርካቶ ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ የሚያውቁትን የስፌት ሙያ ሁሉ ለተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ላድርገው አሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ስምንት ወር ሠርተናል። ሲያልቅ አንዴ ይታተማል ብለን ወረቀት ላይ ያወጣነው አንድም ገጽ አልነበረም።

አንድ ዓርብ በቫይረሱ ትዕግሥቴ አለቀ። ሁለቱንም ሲስተም አጥፍቼ አዲስ ዊንዶውስ ብቻ ልጫን ብዬ ሲዲውን ከተትኩ።

መርካቶ ያለ ጠጋኝ ሁሉ የሚላት ነገር አለች፤ «ዕቃሽን ዲ ውስጥ አድርጊ፣ ዲ ካልተነካ ምንም አይጠፋም።» እኔም እሷን ይዤ ገባሁ። የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር መጣ። ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ በመሀላቸው ፊደል የሌለው ሰፊ ቦታ አለ። ፊደል ከሌለው ባዶ ነው አልኩና ሰርዤ ከሲ ጋር ቀላቀልኩት። ሙሉ በሙሉ ጠርጌ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኤንተር መጫን ብቻ ቀረኝ።

ሶላት ሊጀመር ነበር። ዓርብ ዓርብ መስገጃው መንገዱን ሞልቶ ደጃፌ ድረስ ይመጣል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ሰው ሲሰግድ ኪቦርድ አላንኳኳም፤ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ያን ቀንም እንዲሁ ሳላስበው እጄን አነሳሁ።

ከደጄ ሁለት መስገጃ አልፎ ጋሼ ሰዒድን አየኋቸው። ሜትራቸው ከኪሳቸው ተንጠልጥሏል። የሳቸው መጽሐፍ የት ነው ያለው? ዲ ውስጥ፣ አልኩ ለራሴ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሊኑክሱን ስከፍት ዲ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።

ባዶ ነው ያልኩት ቦታ ሊኑክሱ ነበር፤ መጽሐፉም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። በሩ በሰጋጅ ተዘግቷል፤ መውጣት አልችል፣ መጮህ አልችል። እሳቸው ጎንበስ ቀና ሲሉ እያየሁ ራሴን ረገምኩ።

ሶላቱ ሲያበቃ እንደ ልማዳቸው ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ዛሬ የኮሌታውን ምዕራፍ እንጨርሳለን» አሉ።

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎን ሳላጠፋው አልቀረሁም» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። «ጠፋ ወይስ አልጠፋም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ሄደሽ ጠይቂያ! ለሱቁ እኔ አለሁ።»

ሲፒዩውን ታቅፌ እየተጋፋሁ ሰባተኛ ደረስኩ። ቢኒያም የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፎርማት አድርገሽዋል?»

«አላደረግኩም። ሰው ይሰግድ ነበር።»

«እድለኛ ነሽ። የጠፋው የበሩ ቁልፍ ነው፤ ዕቃው ሳይኖር አይቀርም።»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ፊቱ እርግጠኛ አይመስልም ነበር። የሆነ ሲዲ ከተተና ማሽኑ መፈለግ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ጥፍሬን እየበላሁ ቆምኩ። በመጨረሻ ከተደረደሩት የፋይል ስሞች መሀል የጋሼ ሰዒድን ስም አየሁ።

ስመለስ ጋሼ ሰዒድ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ብቻቸውን ያነበንባሉ። ዱዓ መስሎኝ ደጅ ቆምኩ። ዱዓ አልነበረም።

«ምዕራፍ አንድ። ሰው ስትለካ መጀመሪያ ትንፋሹን ያውጣ። ትንፋሹን እንደያዘ ከለካኸው ልብሱ ያሳፍርሃል…»

ስምንት ወሩን በቃላቸው ሊያተርፉት እየሞከሩ ነበር።

«ተገኝቷል ጋሼ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው አቀረቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስድስተኛው ምዕራፍ ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ምዕራፍ ስድስትን በወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ አይችሉም። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን ሱቄ አማኑኤል ሰፈር ነው፤ ደጄ ላይ መስገጃ አይነጠፍም። ዓርብ አዛን ስሰማ ግን አሁንም እጄን ከኪቦርዱ አነሳለሁ። ያን ቀን መጽሐፉን ያተረፈው የሰፈሩ ልማድ እንጂ የኔ ጥንቃቄ አልነበረም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ።